ጊታር በፎቶ አይገዛም



ሰኔ ሲጋመስ ስልኬ በጊታር ፎቶ ይሞላል። ትምህርት ሊዘጋ ነው፤ ወላጅ ልጄ ክረምቱን ምን ይሥራ ብሎ ያስባል፤ የድሮ ተማሪዎቼም ታናሽ እህትና ወንድም አላቸው። ከቴሌግራም ቻናል የተቀዳ ፎቶ ይላክልኛል። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «መምህር፣ ይሄ እንዴት ነው? ጥቁሩ ይሻላል ቀዩ?»

ለእያንዳንዱ በውስጥ መስመር መመለሱ አቃተኝ። እዚሁ ልጻፈውና የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልላከው። ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

«መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ብዬ ባልፈው ቀላል ነበር። ግን ልክ አይደለም። ሰው ጊታር የሚወደው መጀመሪያ በዓይኑ ነው። «እኔ መልኩን አላይም፣ ድምፁን ብቻ ነው» የሚል ጊታሪስት ካጋጠማችሁ ቤቱ ሄዳችሁ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን እዩ። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ጊታሩ ርካሽ ከሆነ፣ መልኩ የተገዛው ከጊታሩ ላይ በተቀነሰ ገንዘብ ነው። ውድ ከሆነ እንደ ልባችሁ፤ ሰማያዊም ግዙ፣ አበባ ያለበትም ግዙ። ችግሩ ከእኛ አብዛኛው ገዢ የመጀመሪያው ዓይነት መሆኑ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ይህን ጊታር በዚህ ዋጋ ማውጣት አለብኝ ብሎ ይነሳል። የሚታይ ሥራ አለ፣ የማይታይ ሥራ አለ። የሚታየው ቀለሙ፣ በቀዳዳው ዙሪያ የተለጠፈው ጌጥ፣ ወርቅ የሚመስለው መቃኛ፣ አንገቱ ላይ የተደረደረው የወፍ ሥዕል ነው። የማይታየው ደግሞ የፍሬቶቹ ጫፍ በደንብ መሞረዱ፣ የአንገቱ ቀጥ ማለት፣ ክሮቹ ከላይ የሚያርፉባት ነጯ ነት በልኳ መቆረጧ፣ መቃኛው ውስጥ ያለው ጥርስ ጥራት ነው። ጌጡ በማሽን ይለጠፋል፤ ፎቶ ላይ ይወጣል፤ ይሸጣል። ፍሬት መሞረድ የሰው እጅ ይፈልጋል፤ ፎቶ ላይ አይታይም። ነጋዴ ብትሆኑ ከየትኛው ትቀንሱ ነበር?

የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ የሚሆነው ፒያሳ ላይ መሆኑ ነው። እኛ እኮ የወርቅ ቤት ልጆች ነን! ወርቅ ቤት ገብቶ «ያምራል፣ ጠቅልልልኝ» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ሚዛን ላይ ይቀመጣል። ስንት ግራም ነው ይባላል። 18 ነው 21 ካራት ይባላል። እናቶቻችን ቀለበቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው ማኅተሙን ሳያዩ ቦርሳቸውን አይከፍቱም። እዚያው መንገድ ላይ ጥቂት ቤቶች አልፎ ጊታር ሲገዛ ግን ያው ሰው በሩ ላይ ቆሞ «ያ ከላይ የተሰቀለው ቀዩ» ብሎ በጣቱ ይጠቁማል። ባለሱቁም በዘንግ ያወርድለታል። አለቀ።

አሁን ደግሞ በሩ ላይ መቆሙም ቀረ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ስንቱ አሮጌ ሰፈር ፈረሰ፤ ዶሮ ማነቂያን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰውም ሱቅም ተበተነ። ገበያው ወደ ስልክ ገባ። በስልክ ደግሞ መልክ ብቻ ነው የሚሸጠው፤ የሚዳሰስ የለም። «ፍሪ ዴሊቨሪ» ተብሎ ቤት ድረስ ከመጣ በኋላ ሞተረኛውን በር ላይ አስቁሞ ጊታር የሚፈትሽ ወላጅ ስንት ነው?

ዋጋውንም አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ መቶን አልፏል። ጊታሩ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ክሩም እንደዚያው። ድሮ «ይሁን፣ ካልሆነ ሌላ እንገዛለን» ይባል የነበረው አሁን አይባልም። አንድ ጊዜ ነው የሚገዛው። ያ አንድ ጊዜ ከተበላሸ ልጁ ሁለተኛ ዕድል የለውም።

አንድ ተማሪ ነበረችኝ፣ ዘጠነኛ ክፍል። አባቷ ጥቁር አንጸባራቂ ቦክስ ጊታር ገዝቶላት መጣች። እውነቱን ለመናገር ጊታሩ ቆንጆ ነበር፤ ዳር ዳሩ ነጭ መስመር፣ ቀዳዳው ዙሪያ ቀለማት ያሉት ጌጥ። በሦስተኛው ሳምንት «ጋሼ፣ እኔ አልችልም፣ ጣቴ ደካማ ነው» አለችኝ። የጣቶቿ ጫፍ ተልጧል። ጊታሩን ተቀብዬ ስይዘው ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ርቀዋል፤ የእኔ ጣት፣ ስንት ዓመት የደነደነው፣ ባሬ ለመያዝ ታገለ። ታች ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ ዘንግ አውጥተን በብርጭቆ ወረቀት አሳነስናት፤ ላይኛዋንም ነት በትንሽ ሞረድ ዝቅ አደረግናት። አንድ ከሰዓት ፈጀ። በሳምንቱ ኤፍን ያዘች።

አባቷ ያወጣው ገንዘብ ለጥሩ መለማመጃ ጊታር ይበቃ ነበር። ልጅቷ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ ጥፋቱን በራሷ ላይ ጭናለች። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መጥፎ ጊታር «መጥፎ ነኝ» አይልም። «አንተ አትችልም» ነው የሚለው። ስንቱ ልጅ ተሰጥኦ የለኝም ብሎ የተወው በሁለት ሚሊ ሜትር ምክንያት እንደሆነ አስቡት።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ የባንክ ካርድ ያዙ፤ የኤቲኤሙን። አንድ ካርድ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ ያንሳል፣ 0.76 ነው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ነጥብ ያለበት ቦታ ነው፣ በፍሬቱ ብረትና በወፍራሙ ክር መካከል ካርድ ደርባችሁ አስገቡ። የብረት ክር ባለው ጊታር ሦስት ካርድ ክሩን ሳያነሳ ቢሞላው ግሩም ነው። አራት ከሆነ ይታገሱታል። አምስትና ስድስት ከገባ ለጀማሪ አትግዙ፣ ወይም ማስተካከያውን ከዋጋው ላይ አስቡ። ናይለን ክር ያለው ክላሲክ ከፍ ይላል፤ እሱ ላይ አራት አምስት ካርድ ጤነኛ ነው።

ቀጥሎ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መዳፋችሁን በአንገቱ ዳርና ዳር ከላይ እስከ ታች አንሸራቱት። ከቧጨራችሁ ፍሬቶቹ ወጥተዋል። ከዚያ ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ በአንገቱ ርዝመት ተመልከቱ። መሐሉ ጥቂት መጎድጎዱ ያለ ነው። ተጣሞ ዞሮ ከሆነ ግን አስቀምጡትና ውጡ።

ከዚያ ድምፁ። በስልካችሁ ነፃ መቃኛ አውርዱ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ የምታወጡት ድምፅና እዚያው ተጭናችሁ የምታወጡት ድምፅ አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ጊታሩ ታች ተቃኝቶ ላይ ይዋሻል። መጫወት የሚችል ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ ትዝታን ከታች ይጀምርና እዚያው አንገት ላይ እየወጣ ይድገመው። አንቺሆዬንም ይሞክር። አንቺሆዬ ውስጥ ያሉት ጠባብ እርቀቶች ምሕረት የላቸውም፤ ትንሽ የተዛባ ፍሬት ካለ ወዲያው ያጋልጡታል። በኮርድ ብቻ «ጂ፣ ሲ፣ ዲ» እያለ የሚሞክር ሻጭ ግን ምንም አያሳያችሁም፤ ሦስቱም ከታች ነው የሚያዙት።

መንካት አይቻልም የሚል ሱቅ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። አሉ፤ ገጥሞኛል። ላስቲኩን አትቅደድ የተባልኩበት ሱቅ አለ። ሚዛን የሌለው ወርቅ ቤት ማለት ነው።

እስቲ ደግሞ ስለ ዓይንና ጆሮ ትንሽ ላውራ፤ ነገሩ እዚህ ጋ ይጣፍጣል።

በካሴት ዘመን ያደግን ሰዎች ጊታርን የተማርነው ሳናየው ነው። የሮሃ ባንድን ካሴት እያጠነጠንን፣ የሰላም ስዩምን ጊታር አንዲት ሐረግ ሃያ ጊዜ እየመለስን ስንሰማ፣ ጊታሩ ቀይ ይሁን ቡኒ ማን አስቦት? ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ»ን ሰምቶ የጊታሩን ቀለም የጠየቀ አላጋጠመኝም። የዛሬ ልጅ ግን መጀመሪያ ያያል፤ ቲክቶክ ላይ ጊታሩ ከሙዚቃው ቀድሞ ነው የሚመጣው። ልጁን አልወቅስም። ግን ጆሮው ሥራ ሳይጀምር ዓይኑ ወስኖ ይጨርሳል።

ለነገሩ ዓይን ጆሮን እንደሚያታልል ባሕር ማዶም ፈትነውታል። እንግሊዝ ውስጥ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሁሉም ነገር አንድ የሆኑ፣ የጀርባና የጎናቸው እንጨት ብቻ የሚለያይ ስድስት ጊታሮች አሠሩ፤ ከርካሹ እንጨት እስከ ውዱና ብርቁ። 52 ጊታሪስቶች የብየዳ መነጽር አድርገው፣ ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ተጫወቱባቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ፤ ውዱን ከርካሹ በድምፅ መለየት አቃታቸው። የሰጡት ነጥብ ተቀራራቢ ነበር። መነጽሩ ባይኖር ውዱን እንደሚያመሰግኑት እኔ በበኩሌ አልጠራጠርም።

ከዚያ በፊትም ስፔናዊው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ፣ የዛሬውን የክላሲክ ጊታር ቅርፅ የሰጠን ሰውዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1862 ጀርባውና ጎኑ ከካርቶን የሆነ ጊታር ሠርቷል። አዎ፣ ካርቶን። ድምፁን የሚሠራው የፊቱ እንጨት ነው ብሎ ስለሚያምን ያንን ለማሳየት። ጊታሩ ዛሬም ባርሴሎና ሙዚየም ውስጥ አለ። አሜሪካዊው ቦብ ቴይለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ከተጣለ ፓሌት፣ መርካቶ ዕቃ የሚራገፍበት ዓይነት እንጨት ማለት ነው፣ ጊታር ሠራ። ሠሪው ጎበዝ ከሆነ እንጨቱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው ለማለት። ሰውዬው ግን ቀልደኛ ነው፤ የፓሌቱን ጊታር አንገት በፎርክሊፍት ሥዕል አስጌጠው። እሱም ከጌጥ አላመለጠም!

እዚህ ጋ ነው ወደ ሌላኛው ወገን የምሄደው።

መልክ ሥራ አለው። ደስ የሚላችሁ ጊታር ሳሎን ይቆማል። ደስ የማይላችሁ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ አልጋ ሥር ይተኛል። አልጋ ሥር የተኛ ጊታር ድምፁ የመላእክት ቢሆን ማን ይሰማዋል? ልጅ በቀን አሥር ጊዜ አጠገቡ አልፎ አሥረኛው ላይ አንስቶ የሚነካው ጊታር የሚያየው ጊታር ነው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጊታር መማር ማለት እኮ እሱ አሥረኛው ነው።

መድረክ ላይ ለሚሠራም መልክ ሥራ ነው። ፌንደር ገና ድሮ ጊታሮቹን በመኪና ቀለም ሲቀባ ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቅ ነበር። «ፊየስታ ሬድ» የሚባለው ታዋቂ ቀይ የፎርድ ተንደርበርድ ቀለም ነው። የሻዶውሱ ሀንክ ማርቪን እ.ኤ.አ. በ1959 ያን ቀይ ስትራቶካስተር ይዞ ብቅ ሲል ስንት የእንግሊዝ ልጅ በቀለሙ ተለከፈ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ ቀዩ ሥር ያለው ጊታር ደህና ነበር።

ከፒያሳ ወደ ቸርችል ስትወርዱ የቱሪስት ዕቃ ቤቶቹን እዩ። ክራር ተሰቅሏል፤ ጨሌ፣ ዛጎል፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። ለግድግዳ ነው የተሠራው፤ ባለሱቁም ይጫወታል አይልም፤ ስለዚህ አላማውም። የክራር ተጫዋችም እኮ ክራሩን ያስጌጣል። ግን መጀመሪያ ይቃኘዋል፣ ቅኝቱን ይይዝ እንደሆነ ያያል፤ ጨሌው ከዚያ በኋላ ነው። ቅሬታዬ ለግድግዳ የተሠራውን ጊታር ለልጅ ጣት ከሚሸጠው ጋር ነው።

አንድ ነገር ግን አትቀላቅሉብኝ፦ ቀለም ሌላ፣ ቅርፅና መጠን ሌላ። የአሥር ዓመት ልጅ ደረቱ ላይ ሆዳም ትልቅ ጊታር ስታስቀምጡለት ቀኝ ክንዱ አየር ላይ ይቀራል። ለትንሽ ልጅ ሦስት አራተኛ መጠን የሚባለው አለ። የአንገቱም ስፋት ይለያያል፤ ክላሲኩ ላይ ነቷ ጋ 52 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የብረት ክሩ ላይ 43። አጭር ጣት ያለው ሰው ይህን ዘጠኝ ሚሊ ሜትር በየቀኑ ነው የሚከፍለው። ይሄ በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ግን መልክ አይደለም፣ ልክ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ለሴት ልጅ ሮዝ ጊታር መሸጥ ይቁም። ባለሱቁ ልጅቷን ገና ከበር ሲያያት ወደ ሮዟ ይሄዳል። ሮዟ ብዙ ጊዜ መጫወቻ ናት፤ ቅኝት አትይዝም። ወንድሟ ጊታር ይዞ ሲወጣ እሷ አሻንጉሊት ይዛ ትወጣለች። ከዚያ በመንፈቁ «ሴቶች ብዙም አይቀጥሉም» እንላለን።

ስለ እንጨቱ ደግሞ ትንሽ። «ሶሊድ ቶፕ ነው ወይስ ኮምፔንሳቶ?» ትሉኛላችሁ። የፊቱ ወጥ እንጨት የሆነ ጊታር ድምፁ ይበልጣል፣ አልከራከርም። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በጋዋ ደረቅ ነው። ጊታር ሠሪዎች የሚመክሩት የአየር እርጥበት ከመቶ 45 እስከ 55 ነው፤ የጥርና የየካቲት ከሰዓት ከዚያ በታች ይወርዳል። ወጥ እንጨት ይደርቃል፣ ይሰምጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ያብጥና ክሮቹን ከፍ ያደርጋል። ቤት ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ ቀዳዳ በተበሳ ሳሙና መያዣ አድርጎ ቦርሳው ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ወጥ እንጨት ይግዛ። መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ አስደግፎ ለሚሄድ ታዳጊ ግን በደንብ የተሠራ ኮምፔንሳቶ አያሳፍርም፤ እንዲያውም እሱ ነው የሚሻለው። የማልፈልገው ኮምፔንሳቶውን በወፍራም ቨርኒሽ አጥግበው እንደ መስታወት አንጸባርቀው የሚሸጡትን ነው። ወፍራም ሽፋን የፊቱን እንጨት ያከብደዋል፤ እንዳይንቀጠቀጥ ይይዘዋል። በጣታችሁ አንኳኩት፤ ሳጥን መስሎ «ኳ» ካለ ገብቷችኋል። በአንድ ዋጋ ሁለት ጊታር ቀርቦላችሁ ሌላው ሁሉ ከተመሳሰለ፣ ፈዛዛውን ምረጡ።

የሰው እጅ የነካው ጊታር ስታገኙ ደግሞ መልክ ለእናንተ ይሠራል። ቧጨራ፣ የተላጠ ቀለም፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈ የድሮ ስቲከር፣ ሁሉም ዋጋ ማስቀነሻ ነው። ድምፁን አንዳቸውም አይነኩም። ዊሊ ኔልሰን ፊቱ ተበልቶ ሁለተኛ ቀዳዳ የወጣለት ጊታር ይዞ ነው ዕድሜውን የዘፈነው። ሻጩ ቧጨራውን እያየ ሲያፍር እናንተ የአንገቱን ቀጥነት እዩ፣ ብሪጁ ከፊቱ ተነስቶ እንደሆነ ወረቀት አስገብታችሁ ሞክሩ። ወረቀቱ ከሥሩ ከገባ ተዉት፤ ካልገባ ስለ ቧጨራው አዝናችሁ ዋጋ ተደራደሩ። ክላሲክ ጊታር ላይ የብረት ክር ከተወጠረበት ግን ወዲያው ጠርጥሩ፤ ብሪጁ ያን ጉልበት እንዲችል አልተሠራም።

ከእንግዲህ ፎቶ አትላኩልኝ። ሱቅ ሄዳችሁ በስልክ ድምፅ ቅዱ፤ ስድስቱን ክር አንድ በአንድ ባዶውን፣ ከዚያ አሥራ ሁለተኛው ላይ፣ ከዚያ ትዝታን ከታች እስከ ላይ። ስንት ካርድ እንደገባም ጻፉልኝ። ቀለሙን ካልነገራችሁኝ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ነኝ፤ መጫወት የሚችል ሰው ያጣ አስቀድሞ ይጻፍልኝ፣ አብሬው እገባለሁ።